«የትኛውን ኮርስ ልውሰድ?» ላለችው የገጠር ሐኪም

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ጂፒ (ጠቅላላ ሐኪም) ነኝ። ከተመደብኩ 8 ወር ሆነኝ። አራት ጂፒዎችና አንድ የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ኦፊሰር ነን፤ ስፔሻሊስት የለንም። ሪፈር የምንልበት (በሽተኛ የምንልክበት) ሆስፒታል መንገዱ ደህና ሲሆን ሦስት ሰዓት ነው። ዱቲ (ተረኛ) በገባሁ ቁጥር ሆዴ ይረበሻል። ገንዘብ አጠራቅሜ አዲስ አበባ ኤቲኤልኤስና (የአደጋ ጉዳት ሕክምና ኮርስ) ኤሲኤልኤስ (ልብ ሲቆም የሚሰጥ ሕክምና ኮርስ) ልውሰድ? አልትራሳውንድ ልማር? ወይስ ሬዚደንሲ (የስፔሻሊስትነት ትምህርት) እስክገባ ልታገስ?»

ዶክ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። አትታገሺ። ሬዚደንሲ መቼ እንደሚሳካልሽ አይታወቅም፣ ዱቲሽ ግን ነገ ነው። ኮርስም ውሰጂ። ግን በውዱ አትጀምሪ። ደግሞ ብቻሽን አትሂጂ። ይህን የምልበትን ምክንያት ለማስረዳት በራሴ ላይ የደረሰውን ልንገርሽ።

እኔም ጂፒ ሆኜ ገጠር ሠርቻለሁ። የሆስፒታሉን ስም ተዪው። አንድ ሌሊት አይሱዙ ተገልብጦ ስምንት ሰው ባንዴ ገባ። ከነሱ መሐል አንዱ የመኪናው ረዳት ነበር፤ ሃያ ዓመትም የሞላው አይመስልም። ቁጭ ብሎ አየር ያጥረዋል፣ ላብ በላብ ሆኗል፣ ደረቱ በቀኝ በኩል አይነሳም። ቼስት ቲዩብ፣ ደረቱ ውስጥ የታፈነውን አየር የሚያስወጣ ቱቦ፣ እንደሚያስፈልገው ገብቶኛል። የሚገባበትንም ቦታ አውቃለሁ፣ ፈተና ላይ መልሼዋለሁ። ቱቦው ግን ቁም ሳጥን ውስጥ ነው፣ ቁም ሳጥኑ ተቆልፏል፣ ቁልፉ ፋርማሲስቱ ኪስ ውስጥ ነው፣ ፋርማሲስቱ ደግሞ ከወንዙ ማዶ ቤቱ ተኝቷል። ጥበቃው በጨለማ ሮጦ ሄደ። እኔ ደረቱን በካኑላ (በደም ሥር መርፌ) ወጋሁትና ትንሽ ፋታ አገኘ። ቁልፉ ሲመጣ አርባ ደቂቃ አልፏል። ልጁ ተርፏል፤ የተረፈው ግን ጥበቃው ሯጭ ስለነበረ ነው።

የሚገርመው፣ ልትወስጂው ያሰብሽው ኤቲኤልኤስም የተወለደው ከተቆለፈ በር ነው ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1976 (የምጠቅስልሽ ዓመቶች ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ጄምስ ስታይነር የሚባል የአጥንት ቀዶ ሐኪም ቤተሰቡን ጭኖ የራሱን አነስተኛ አውሮፕላን ሲያበር ነብራስካ ገጠር ውስጥ፣ ማሳ ላይ ተከሰከሰ። ሚስቱ ሞተች። አራት ልጆቹ ተጎዱ። በጨለማና በብርድ ልጆቹን ሲያክም ቆይቶ፣ መንገድ ላይ መኪና ለምኖ አቅራቢያው ወዳለ ትንሽ ሆስፒታል ቢደርስ የድንገተኛ ክፍሉ በር ተዘግቶ አገኘው። ሐኪሞቹ ከቤት ተጠርተው ከመጡ በኋላ ያየው አያያዝም አሳዘነው፤ እኔ ሜዳ ላይ ባዶ እጄን ያደረግሁት ከዚህ ይሻላል አለ። ከባልደረቦቹ ጋር ኮርሱን አዘጋጁና በ1978 እዚያው ነብራስካ ውስጥ፣ ኦበርን በምትባል ትንሽ ከተማ ተሰጠ። የአሜሪካ ቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ የወሰደው በ1980 ነው። ዛሬ ውድ ሆቴል ውስጥ የሚሰጠው ኮርስ መጀመሪያ የታሰበው ላንቺ ዓይነቱ ሐኪም ነበር።

ታዲያ ለምን በሱ አትጀምሪ እላለሁ? ዋጋው ውድ ነው፣ ስለ ጉዳት ብቻ ነው፣ ለሐኪም ብቻ ነው። አንቺ ተምረሽ ስትመለሺ ከጎንሽ የሚቆመው ነርስ ያንኑ ቋንቋ አይናገርም። «ኤ (የትንፋሽ መንገዱ) ተከፍቷል፣ ቢ (አተነፋፈሱ) ላይ ነኝ» ስትዪ ዝም ብሎ ያይሻል።

መጀመሪያ ፈልገሽ የምትወስጂው ቤዚክ ኢመርጀንሲ ኬር የሚባለውን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴና ከዓለም አቀፉ የድንገተኛ ሕክምና ፌዴሬሽን ጋር በ2018 ያወጣው የአምስት ቀን ኮርስ ነው። «ቤዚክ» የሚለው ስም አሳንሶታል፤ ብዙ ሐኪም ስሙን ሰምቶ ይንቀዋል። ይዘቱ ግን አራት ነገር ነው፦ የተጎዳ ሰው፣ መተንፈስ ያቃተው ሰው፣ ሾክ ውስጥ የገባ (ደም ለአካሉ በበቂ የማይደርሰው) ሰው፣ አእምሮው የተዛባ ሰው። ሌሊት በርሽን የሚያንኳኳው ከነዚህ ውጭ ማነው? ደግሞ ነርስም፣ ጤና መኮንንም፣ ሐኪምም አብረው ይማሩታል። ኮርሱ አገራችን ውስጥ ተሰጥቷል፣ አሁንም ይሰጣል፤ በጤና ቢሮሽ በኩል ጠይቂ። ዕድሉ ሲመጣ ሜዲካል ዳይሬክተሩን «እኔ ብቻዬን አልሄድም፣ ሁለት ነርስ ጨምሩልኝ» በይው። መጽሐፉ በነፃ ከዓለም ጤና ድርጅት ድረ ገጽ ይወርዳል፤ ኮርሱ እስኪመጣ እሱን አንብቢ።

ከዚያ ቀጥሎ ፕራይመሪ ትራውማ ኬር አለ። የሁለት ቀን ነው፣ እንደኛ ላለ አገር የተሠራ ነው፣ ጥሩ ነገሩ ደግሞ ሦስተኛው ቀን ላይ የተሻሉትን መርጦ አሠልጣኝ ማድረጉ ነው። ኤቲኤልኤስ መሥሪያ ቤትሽ ወይም አንድ ፕሮጀክት ከከፈለልሽ እሰየው፣ ውሰጂው። ከኪስሽ ከሆነ ግን በዚያ ብር ሌላ ብዙ ነገር ይሠራል።

ኤሲኤልኤስ መጨረሻ ላይ ይቆይ። መጥፎ ሆኖ አይደለም። የኮርሱ ግማሽ ሐሳብ ዲፊብሪሌተርና (ልብን በኤሌክትሪክ የሚመታው መሣሪያ) ሞኒተር ላይ ነው፣ ሆስፒታልሽ ውስጥ የሚሠራ ዲፊብሪሌተር ካለ አንቺ ዕድለኛ ነሽ። ደግሞ አንቺ ጋ ልባቸው የሚቆመው ሰዎች አብዛኞቹ መጀመሪያ ትንፋሽ ያጡ፣ ደም የፈሰሳቸው፣ መርዝ የጠጡ ናቸው። ለነሱ ከመቆሙ በፊት ያለው ሰዓት ነው ወሳኙ። አዲስ አበባ ስትመጪ ቅዳሜና እሁድ ትወስጂዋለሽ፣ ለሙያ ፈቃድ እድሳት የሚሆን ነጥብም ታገኚበታለሽ፣ አለቀ።

አሁን ኮርሶቹ ላይ በደንብ ወደማይነገሩት ልምጣ። ዱቲ ላይ ሆድሽን የሚረብሹሽ እነሱ ይመስሉኛል።

አንደኛው መርዝ ነው። ገበሬ አካባቢ ነሽ፣ ስለዚህ ማላታይን፣ የተባይ መድኃኒቱን፣ የጠጣ ታያለሽ፤ እስካሁንም አይተሽ ይሆናል። ሽታው ከበር ይቀድማል። ምራቁ ይዝረከረካል፣ የዓይኑ ብሌን የመርፌ ጫፍ አክሏል፣ ደረቱን ስታዳምጪ ይንተከተካል። ጓንት አድርጉ፣ ልብሱን አውልቁ፣ ሰውነቱን እጠቡ። ከዚያ ማርከሻው፣ አትሮፒን። እዚህ ላይ ነው ብዙ ጂፒ የሚፈራው። 2 ሚሊግራም ትሰጪያለሽ፣ አምስት ደቂቃ ትጠብቂያለሽ፣ ደረቱ ካልደረቀ እጥፍ፣ እንደገና እጥፍ። አሁን ቁጠሪ፦ 2፣ ከዚያ 4፣ ከዚያ 8፣ ከዚያ 16። በሩብ ሰዓት ውስጥ 30 ሚሊግራም ሄደ ማለት ነው። አምፑሉ ባለ 1 ሚሊግራም ከሆነ 30 አምፑል! ፋርማሲሽ ውስጥ ስንት አለ? ልቡ 120 መታ ብለሽ አታቁሚ፤ የምትከተዪው ደረቱን ነው፣ ሲደርቅ፣ ግፊቱም ሲስተካከል ወደ ድሪፕ (በጠብታ ያለማቋረጥ ወደ መስጠት) ትሄጃለሽ። ብሌኑንም አትጠብቂ፣ እሱ ዘግይቶ ነው የሚሰፋው። የዋጠው እህል ከነቀዝ የሚጠበቅበት ፍሬ፣ ፎስቶክሲን የሚባለው ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። እሱ ማርከሻ የለውም፤ መስኮት ክፈቱ፣ ቤተሰቡን ቀድመሽ አዘጋጂ። ለዚህ ነው ጠርሙሱን ወይ ዕቃውን ከቤት አምጡ ማለት ያለብሽ፣ አንድ ሰው ሞተር ሳይክል አስነስቶም ቢሆን።

ሁለተኛው በደም ሥር የምንሰጠው ፈሳሽ፣ ግሉኮስና ሪንገር ነው። እኛ ስንማር ሾክ ያየ ሰው ሁሉ ከረጢት ይሰቅል ነበር። በ2011 የታተመ ትልቅ ጥናት አለ፣ ኡጋንዳ፣ ኬንያና ታንዛኒያ ውስጥ የተሠራ፣ ከ3,100 በላይ ልጆች የገቡበት። ትኩሳት ኖሯቸው እጅ እግራቸው የቀዘቀዘ ልጆች ናቸው። ፈጥኖ ብዙ ፈሳሽ ከተሰጣቸው በ48 ሰዓት ውስጥ ከመቶ አሥር ተኩል ያህሉ ሞቱ፤ ባልተሰጣቸው በኩል 7.3 ናቸው። በ2017 ደግሞ ዛምቢያ ውስጥ ሴፕሲስ (መላ ሰውነትን የሚያውክ ከባድ ኢንፌክሽን) ኖሯቸው ግፊታቸው የወረደ አዋቂዎች ላይ፣ አብዛኞቹ ኤችአይቪ ያለባቸው፣ ተመሳሳይ ነገር ታየ፤ በፕሮቶኮሉ ብዙ ፈሳሽ ካገኙት 48 በመቶ፣ እንደ ወትሮው ከታከሙት 33 በመቶ ሞቱ። ይህ ማለት በተቅማጥ የደረቀ ልጅ ፈሳሽ አይስጠው ማለት እንዳይመስልሽ፣ እሱማ ይሰጠው፤ የጥናቱ ልጆች እነሱ አይደሉም። ማለት የፈለግሁት ከረጢቱን ሰቅለሽ ወደ ሌላ በሽተኛ አትሂጂ ነው። ትንሽ ስጪ፣ ሳንባውን አዳምጪ፣ ጉበቱን ዳሰሺ፣ እንደገና ወስኚ። ሳንባው ውኃ ቢሞላ አንቺ ጋ ቬንቲሌተር የለም። በለንደን የተጻፈ መመሪያ ይህን አያውቅልሽም።

ሦስተኛው የበሽተኛው የትንፋሽ መንገድ ነው። ሁሉም ጂፒ «ኢንቱቤት ማድረግ (ቱቦ ወደ ትንፋሽ ቧንቧ ማስገባት) አስተምሩኝ» ይላል። እሱንም ተማሪ፣ አልከለክልሽም። ግን አስቢው፤ ቱቦው ገባ እንበል፣ ሦስት ሰዓት መንገድ ላይ አየር የሚሰጠውን ከረጢት፣ አምቡ ባጉን፣ ማን ይጨምቃል? ስለዚህ ከቱቦው በፊት ማስኩን በሁለት እጅ መያዝ ተማሪ፣ አንዱ ማስኩን ይይዛል፣ ሌላው ይጨምቃል። ቀላል ይመስላል፣ ግን ጺም ያለው ሽማግሌ ወይም ወፍራም ሴትዮ ላይ ሞክሪው። ምርጡ ትምህርት ቤት ደግሞ የራስሽ ሆስፒታል ኦፕሬሽን ክፍል ነው። ቄሳሪያን ባለበት ጠዋት ግቢ፣ ማደንዘዣ የሚሰጠውን አንስቴቲስት ቡና ጋብዢው፣ የማደንዘዣውን የኬታሚን አጠቃቀም ያሳይሽ። በደም ሥር ከ1 እስከ 2 ሚሊግራም በኪሎ፣ በጡንቻ ከ4 እስከ 5። ኬታሚን የገጠር ሐኪም ወዳጅ ነው፤ የተሰበረ አጥንት ለማስተካከል፣ የልጅ ቁስል ለመስፋት፣ ግፊቱ ወርዶ መደንዘዝ ለሚያስፈልገው። የሁለት ሳምንት ጠዋት ከብዙ ሰርተፍኬት ይበልጥብሻል።

የእጅ ሥራዎቹን ደግሞ ሥጋ ላይ ተለማመጂ። እየቀለድኩ አይደለም። ቼስት ቲዩብ ለመለማመድ የበግ ጎድን ይበቃል፤ ጎድኑን አግድም አንጠልጥይው፣ ከጎድኑ በላይ ጠርዝ በኩል ግቢ፣ በመቀስ ክፈቺ፣ ጣትሽን አስገብተሽ ዳሰሺ፣ ቱቦውን አስገብተሽ ስፊ። አጥንት ውስጥ ፈሳሽ መስጠት በዶሮ እግር አጥንት ይለመዳል፤ መርፌው ቀጭኗን አጥንት ሲበሳ የሚሰማሽ «ቀጭ» የሚለው ነገር በመጽሐፍ አይገባም። (ጾም ከሆነ ሥጋ ቤቱ ስለሚዘጋ ቀኑን አይተሽ ነው።) በነገራችን ላይ፣ የታፈነ አየር ለማስወጣት ደረት የምንወጋበት ቦታ አዋቂ ላይ ተቀይሯል። እኛ የተማርነው ከላይ፣ ሁለተኛው የጎድን ክፍተት ነበር፤ ኤቲኤልኤስ ከ2018 እትሙ ጀምሮ ወደ ጎን፣ አራተኛው ወይም አምስተኛው ክፍተት፣ ከብብት መሐል መስመር ትንሽ ወደ ፊት አዛውሮታል። ከላይ በኩል ያለው ሥጋ ስለሚወፍር ተራዋ ካኑላ ላትደርስ ትችላለች። ልጅ ላይ ግን የድሮው ቦታ ነው።

አልትራሳውንድ ላልሽው፣ አዎ፣ ተማሪ። የቅድመ ወሊድ ክፍሉ ውስጥ አንድ አለ ብዬ እገምታለሁ። ራዲዮሎጂስት ልሁን አትበይ። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቂው፦ ሆድ ውስጥ ፈሳሽ አለ ወይስ የለም? ጤነኛ ሰው ላይ፣ ባልደረቦችሽ ላይ፣ ፈቃደኛ የሆኑ በሽተኞች ላይ ከ25 እስከ 50 ጊዜ ብታዪ ዓይንሽ ይለምዳል። ጥቅሙ በአደጋ ብቻ አይደለም። ወጣት ሴት ራሷን ስታ መጣች፣ የእርግዝና ምርመራው ፖዘቲቭ ነው፣ ሆዷ ውስጥ ጥቁር ፈሳሽ አየሽ፤ ከማሕፀን ውጭ ያለ እርግዝና ፈንድቶ እየደማ ነው ብለሽ ተነሺ፤ አበቃ፣ ሪፈር አይጻፍም፣ የቀዶ ሕክምና ኦፊሰሩ ይቀስቀስ፣ ደም ይፈለግ። እሷ ሦስት ሰዓት መንገድ አትችልም። ፈሳሽ ካላየሽ ግን «የለም» ብለሽ አትተኚ፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ድገሚው።

ሪፈር ራሱ ሙያ ነው፣ ማንም አያስተምረውም። አንድ ሂሳብ ላሳይሽ። በሽተኛሽ በደቂቃ 5 ሊትር ኦክስጅን ይፈልጋል፣ መንገዱ ሦስት ሰዓት ነው፤ 5 በ180 ደቂቃ 900 ሊትር ነው። አምቡላንሱ ላይ ያለው ትንሹ ሲሊንደር ባለ 340 ሊትር ከሆነ በ68 ደቂቃ ያልቃል። ኦክስጅን ከአየር የሚያጣራው ኮንሰንትሬተር ደግሞ መብራት ይፈልጋል። ስለዚህ ወይ ሦስት ሲሊንደር ይጫን፣ ወይ ፍሰቱ የኦክስጅን መጠኑን እያየሽ ይቀነስ፣ ወይ መንገድ ላይ ያለ ጤና ጣቢያ ኦክስጅን አለው ወይ ተብሎ ይጠየቅ። ሁለት የደም ሥር መስመር ይኑር፣ ቱቦው በደንብ ይታሰር። ነርስ አብሮ ይሂድ፣ ሹፌር ብቻ አይሂድ። ለነርሱ ወረቀት ጻፊለት፣ «እንዲህ ከሆነ እንዲህ አድርግ» የሚል፣ ሦስት መስመር ይበቃል። ከሁሉም በፊት ግን ደውዪ። በሊያዘን (ሆስፒታሎችን በሚያገናኘው ቢሮ) በኩል ብቻ አይደለም፤ እዚያ ዱቲ ያለውን ሐኪም ስልክ አፈላልገሽ ያዢ። ሳይደወል የተላከ በሽተኛ አልጋ የለም ተብሎ በር ላይ ሲንከራተት በዓይኔ አይቻለሁ።

ስለ ሬዚደንሲም ጠይቀሻል። እዚህ አገር የድንገተኛ ሕክምና ስፔሻሊቲ ወጣት ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ ጥቁር አንበሳ፣ በ2010 ጀመረው፤ የቶሮንቶና የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች እየተመላለሱ ያስተምሩ ነበር። ሦስት ዓመት ነው፣ የመጀመሪያዎቹ በ2013 ተመረቁ። በኋላ ቅዱስ ጳውሎስም ጀምሯል። ሙያውን ከወደድሽው ነይ፣ ደስ ይለናል። ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ የምንመረቀው አብዛኞቻችን ትልቅ ከተማ ነው የምንቀረው። እኔም ይህን የምጽፍልሽ አዲስ አበባ ቁጭ ብዬ ነው። ስለዚህ ያቺን ከተማ ስፔሻሊስት መጥቶ ያድናታል ብለሽ አትጠብቂ፣ ለጊዜው ያላት አንቺን ነው።

አሁን ወደ ቁልፉ ልመለስ። ከቤዚክ ኢመርጀንሲ ኬር ስትመለሺ፣ ወይም ኮርሱን ሳትጠብቂ፣ ማክሰኞ ከሰዓት 20 ደቂቃ ስጪኝ። አንድ ነርስ፣ አንድ ፖርተር፣ ጥበቃው፣ ፅዳት ሠራተኛዋ። ትራስ አልጋ ላይ አስተኝተሽ «አይሱዙ ተገልብጧል፣ ይህ አየር ያጠረው ነው» በዪና ሰዓት ያዢ። ኦክስጅን ማን ያመጣል? ሳክሽኑ (አክታና ደም መሳቢያው) ይሠራል? መብራት ቢጠፋ ጀነሬተሩን ማን ያስነሳል? የመጀመሪያው ቀን ይሳቃል፣ ማንም በቁም ነገር አይወስደውም። ይሁን። በሦስተኛው ሳምንት ፅዳት ሠራተኛዋ ሳትጠየቅ ጓንት ታቀብልሻለች፤ እኔ ጋ የሆነው እንደዚያ ነው። እኔ ከዚያ ሌሊት በኋላ ያደረግሁት አንድ ነገር የድንገተኛ ዕቃዎቹን ቁም ሳጥን ቁልፍ ማስነሳት ነበር። ፋርማሲስቱ «ዕቃ ይጠፋል» ብሎ ተከራከረ፣ አልተሳሳተም። በቁልፉ ምትክ ቁጥር ያለው የፕላስቲክ ማሰሪያ አደረግን፤ የፈለገ ይበጥሰዋል፣ የበጠሰ ይፈርማል፣ ጠዋት ይሞላል።

እንግዲህ ዛሬ ማታ ዱቲ ከሆንሽ ከመግባትሽ በፊት ፋርማሲ እለፊና አትሮፒኑ ስንት አምፑል እንደሆነ ቁጠሪ። ሌሊት ቁልፉ ማን ጋ እንደሚያድርም ጠይቂያቸው።